ጠበቃ ደም ላለመመለስ ይማል

በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት የጥብቅና ፈቃድ የሚወስድ ሰው በዳኞች ፊት ቀኝ እጁን አንሥቶ ይምላል። ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ እንደሚሆን ከተናገረ በኋላ ሌላ ቃል ይጨምራል፤ በገዳይ መሣሪያ የአንድ ለአንድ ግጥሚያ እንዳልገጠመ፣ የግጥሚያ ጥሪ እንዳልላከ፣ ተልኮለትም እንዳልተቀበለ፣ ለሌላ ገጣሚ አጃቢ ሆኖ እንዳልቆመ ያረጋግጣል። ይህ ቃል እ.ኤ.አ. በ1891 በወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 228 የሰፈረ ነው፤ አገረ ገዥውና የምክር ቤት አባላቱም ይምሉበታል። ዛሬ ሽጉጥ ተማዝዞ የሚገጥም ጠበቃ ስለሌለ፣ መሐላው ሲነበብ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።

ዋግ ኽምራ ላይ ቢሆን ማንም አይስቅም።

ከሰቆጣ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በደሃና ወረዳ ዋና ከተማ በአምደወርቅ ጥብቅና የቆመ ሰው ተነሥቶ «ደም አልመልስም፤ ደም የሚመልስ ሰውም አልረዳም» ብሎ ቢምል፣ የሚሰማው ሁሉ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቀዋል። በአማራ ክልል ደጋና ቆላ የደም ቂም ዛሬም ሰው ይገድላል፣ ቤት ያዘጋል። በዚህ አገር የጠበቃ ሥነ ምግባር ሲለካ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ይህ ሰው የራሱ ወንድም ቢገደል ምን ያደርጋል? የክልሉ የጥብቅና ሕግ ይህን ጥያቄ በግልጽ ቃል ሊጠይቅ፣ ጠበቃውም በመሐላ ሊመልስ ይገባል።

ጥያቄው ጠበቃን ማዋረድ የሚመስለው ሰው የኬንታኪ መሐላ ለምን እንደተጻፈ ቢያይ ጥሩ ነው። የሽጉጥ ግጥሚያ የወሮበላ ሥራ አልነበረም። የተማረውና የተከበረው ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕግ ባለሙያው ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1800 ኒው ዮርክ ውስጥ ሌቪ ዊክስ የተባለ አናጢ አንዲት ወጣት ገድሎ ሬሳዋን ውኃ ጉድጓድ ጥሏል ተብሎ ተከሰሰ። ሦስት ስመ ጥር ጠበቆች ቆሙለት፤ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ አሮን በርና ብሮክሆልስት ሊቪንግስተን። ተከሳሹም ነፃ ወጣ። የሦስቱ ጠበቆች ዕጣ ግን ያሳዝናል። ሊቪንግስተን ከክርክሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በግጥሚያ ሰው ገድሎ ነበር። ሃሚልተን ከክርክሩ አንድ ዓመት በኋላ የ19 ዓመት ልጁን ፊሊፕን በግጥሚያ አጣ፤ ልጁን የመታው ሰውም ጠበቃ ነበር። በ1804 ደግሞ በር፣ ያኔ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ የጥብቅና ባልደረባውን ሃሚልተንን ኒው ጀርሲ ዊሃውከን ላይ መትቶ ገደለው። የጠቡ መነሻ አንድ እራት ላይ ተነገረ የተባለና በጋዜጣ የወጣ ወሬ ነበር። ሊቪንግስተን በ1806 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ታጨ። ሰው መግደሉ ከዳኝነት ወንበር አላገደውም።

ችሎቱ ራሱ ግጥሚያ የወለደበት ጊዜም አለ። በ1788 ዛሬ ቴነሲ በምትባለው ግዛት፣ ጆንስቦሮ ከተማ፣ ዌይትስቲል አቨሪ የተባለ አንጋፋ ጠበቃ የ21 ዓመቱን ጠበቃ አንድሩ ጃክሰንን በክርክር መሐል አጣጣለው። ጃክሰን የግጥሚያ ጥሪ ላከበት። ደግነቱ ወዳጆቻቸው መሐል ገብተው ስለነበር ሁለቱም ወደ ሰማይ ተኩሰው ተጨባብጠው ተለያዩ። በ1806 ግን ያው ጃክሰን ቻርልስ ዲኪንሰን የተባለ ሌላ ጠበቃ በግጥሚያ ገደለ። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ ለግጥሚያ የተጻፈው ዝነኛ ደንብ የጸደቀው በ1777 ክሎንሜል ከተማ ውስጥ፣ ተዘዋዋሪው ፍርድ ቤት ተሰይሞ በሚያስችልበት ሰሞን ነበር። ዳኛው እየፈረደ፣ መኳንንቱ ያለ ዳኛ የሚጋደሉበትን ሥርዓት እዚያው ከተማ ያረቅቁ ነበር ማለት ነው።

ይህን ልማድ የሰበረው ምክር አልነበረም። መንግሥታቱ ግጥሚያን ወንጀል ቢያደርጉትም የሚፈርድ ሸንጎ አላገኙም፤ ሸንጎው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ራሱ ገጣሚውን በልቡ ያደንቀዋልና። ሕግ አውጪዎቹ ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጡ፦ ገጣሚው ሹመትና ጥብቅና ይከልከል አሉ። ለክብሩ ሲል ሞትን የማይፈራ ሰው ሥራውንና ማዕረጉን ማጣት ግን ይፈራል። ጃክሰን ፕሬዚዳንት በሆነበት በ1829 የራሱ ግዛት የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካልቪን ስሚዝ የተባለ ጠበቃን ስም ከጥብቅና መዝገብ አስፋቀ። ስሚዝ ወደ ኬንታኪ ተሻግሮ ሮበርት ብራንክ የተባለ ሰው በግጥሚያ ገድሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ የክብር ጉዳይ ነው የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም፤ ሕግን ለማስከበር የቆመ ሰው ሕግን ረግጦ ሰው ከገደለ ችሎት ፊት የሚቆምበት ምክንያት የለም አለ።

የኢትዮጵያ የክርክር ታሪክ በአንድ በኩል ከዚህ የሚያኮራ ነው። አባቶች ግጥሚያን ከሜዳ አንሥተው ችሎት ውስጥ አስገብተውት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው እንኳ በንጉሥ ስም አቁመው «ዳኘን» ማለት ይችሉ ነበር። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ነገር አዋቂው ነጠላውን አጣፍቶ ይነሣል፤ ይንጎራደዳል፣ እጁን ይሰነዝራል፣ «በላ ልበልሃ!» ብሎ በግጥምና በምሳሌ ባላጋራውን ያፋጥጠዋል። በማር ይወራረዳል፤ ነገሩ ሲጦፍ በበቅሎ፣ በፈረስ፣ በጠመንጃ ይወራረዳል። የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ስድቡም፣ ፉከራውም፣ እልሁም እዚያው ይወጣል። ባላጋራውን በቃል የጣለ ሰው በጦር ከጣለው ያላነሰ ስም ያተርፋል፤ ልጆች ክርክሩን ለማየት ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ያማረ ንግግር ከአገር አገር እየተነገረ ይዞራል።

ነፍስ ሲጠፋ ግን ያ ሥርዓት በሩን ለደም ከፍቶ ይተው ነበር። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፤ ዘመዶቹ ካሳ መቀበል ወይም ራሳቸው መግደል ይችላሉ። በፍትሐ ነገሥትና በልማድ ተደግፎ የቆየው ይህ አሠራር የተዳከመው መንግሥት ቅጣትን ሙሉ በሙሉ በእጁ ካስገባ በኋላ ነው። ዛሬ የወንጀል ሕጉ ከባድ የሰው ግድያን በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት የሚቀጣው በመንግሥት ስም ነው፤ የሟች ቤተሰብ ቅጣቱን በራሱ እጅ አይፈጽምም። በሕጉ ላይ ነገሩ አልቋል። በሰው ልብ ውስጥ አላለቀም።

ዋግ ደግሞ ቂም መንግሥት ሲያነሣና ሲጥል ያየች አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን አስገደሉ፤ ልጃቸው ጎበዜ ሸፈተ። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ እኅት ነበረች፤ ይህ ጋብቻ ግን ጦርነቱን አላስቀረም። በ1863 ዓ.ም. ክረምት አማቾቹ ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ሞቱ። ካሳም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው በቤተ መንግሥትም በጎጆም እኩል ይሠራል።

በጎጆው ነገሩ እንዲህ ነው። በወሰን፣ በውኃ፣ በሠርግ ቤት ስድብ ተነሥቶ አንድ ሰው ይሞታል። ገዳይ ይሸሻል። ቤተሰቡም አብሮት ይሰደዳል ወይም ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ማሳው ጦም ያድራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ ወንዶቹ ገበያ አይወጡም። በሟች ቤት ደግሞ ሐዘኑ አይበርድም። በለቅሶው ላይ የሚወርደው ሙሾና ፉከራ ወንድምየውን ይወጋዋል፤ ሟቹ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ እንዳይባል ይጨነቃል። የሚገደለው ሰው ሁልጊዜ ገዳዩ ላይሆን ይችላል፤ ከገዳዩ ወገን የተሻለ ስም ያለው፣ የተማረው፣ የቤተሰቡ መከታ የሆነው ሰው ይመረጣል። በዚህ ስሌት ጠበቃው፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ምንም ሳያጠፉ ታላሚ ይሆናሉ።

ይህን እሳት የሚያጠፉት ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው። መስቀል ይዘው በሟች ደጅ ይመላለሳሉ፤ አንዴ ይሰደባሉ፣ አንዴ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ሲሰምርላቸው የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ ካሳ ይቆረጣል፣ በመሐላ ይታሰራል። አየርላንዳዊው ጠበቃ ዳንኤል ኦኮነልም እ.ኤ.አ. በ1815 ጆን ዴስተር የተባለ ሰው በግጥሚያ ከገደለ በኋላ ዳግመኛ ላለመግጠም ምሎ ነበር፤ ለሟች ልጅም በየዓመቱ ገንዘብ ሲሰጥ ኖሯል። የካሳን ትርጉም ለዋግ ሽማግሌ ማንም ሊያስተምረው አይችልም፤ ያውቀዋል። የጎደለው የጠበቃው ድርሻ ነው።

ጠበቃው በደም ጉዳይ ውስጥ ያለው ቦታ ከሽማግሌው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ጠመንጃ ሳይነካ ደም መመለስ ይችላል። ገዳይ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ አቤቱታው ላይ ወንድሙ፣ አጎቱና የአጎቱ ልጅ «ግብረ አበር» ተብለው ይጨመራሉ። ሦስት ምስክር ይሰለፋል፤ ሦስቱም በቦታው አልነበሩም። የተፈለገው የባላጋራው ቤት ጎልማሳ ሁሉ እስር ቤት እንዲገባና ማሳው ባዶ እንዲቀር ነው። ሐሰተኛ ክስም ሐሰተኛ ምስክርነትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 እና 453 ያስቀጣሉ። ነገር ግን አቤቱታውን ያሳመረው፣ ምስክሩ ምን ብሎ ምን እንደሚተው ያስጠናው ባለሙያ ስሙ የትም አይገኝም። በወንጀል ዳኝነት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ንጹሕ ሰው በዚህ መንገድ ሲታሰር፣ የታሰረው ሰው ቤተሰብ ደግሞ የራሱን ቂም ይቋጥራል፤ ፍርድ ቤቱም ዳኛ መሆኑ ቀርቶ የአንዱ ወገን መሣሪያ ተደርጎ ይታያል።

አሁን ያለው ሕግ ስለ ጠበቃ ጠባይ ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 የደንበኛን ምስጢር ስለ መጠበቅ፣ ጥቅም እንዳይጋጭ ስለ መጠንቀቅ፣ ፍርድ ቤትንና የሙያ ባልደረባን ስለ ማክበር ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ፣ የፈቃድ አሰጣጡንም አደሰ። በክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙ ጠበቆች ደግሞ በየክልላቸው ሕግ ይመራሉ። እነዚህ ሁሉ ስለ መልካም ጠባይ ይናገራሉ፤ መልካም ጠባይ ግን ስም ብቻ ሲሆን ይዘቱን የሚሞላው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የዚህ አደጋ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ሩዶልፍ ሽዌር የተባለ ሰውን «መልካም ጠባይ የለውም» ብላ ከጥብቅና ፈተና ከልክላው ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በወጣትነቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል መሆኑ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 ውሳኔውን ሻረው። ኢትዮጵያም ሰው በፖለቲካ አቋሙ፣ በትውልዱ፣ በቤተሰቡ ስም «ጠባየ ብልሹ» የሚባልባት አገር ስለሆነች፣ ልቅ የሆነ የጠባይ መስፈርት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። መፍትሔው መስፈርቱን መተው ሳይሆን ማጥበብ ነው፤ የተከለከለው ድርጊት በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ።

ማጥበቡም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1810 ቤንጃሚን ዋትኪንስ ሊ የተባለ ጠበቃ የጸረ ግጥሚያ መሐላውን አልምልም አለ፤ ፍርድ ቤቱም ሕጉ የሚመለከተው ባለ ሥልጣንን እንጂ ጠበቃን አይደለም ብሎ ፈቀደለት። አላባማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1838 ዶርሲ የተባለ ሌላ ጠበቃ ያለፈ ሕይወቱን በመሐላ እንዲገልጥ መጠየቁን ተቃወመ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ደገፈው። ሁለቱ ሰዎች የግጥሚያ ወዳጆች ስለሆኑ ብቻ አልተከራከሩም። ሰው በራሱ አፍ ራሱን እንዲከስ መገደድ የለበትም የሚለው መከራከሪያ ዛሬም ክብደት አለው። ዋግ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከደም ጋር ያልተነካካ ቤተሰብ ማግኘት በሚያስቸግርበት አካባቢ ያለፈው ሁሉ ይቆጠር ከተባለ ለጥብቅና የሚተርፍ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ መሐላው ከተማለበት ቀን ወደ ፊት የሚመለከት መሆን አለበት። የወንድምና የአባት ጥፋት በጠበቃው ላይ አይቆጠርም ተብሎ በግልጽ ይስፈር። ቃሉም አጭርና የማያሻማ ይሁን፦ ደም አልመልስም፤ ለሚመልስ ሰው መሣሪያ፣ መልእክት ወይም መጠለያ አላቀብልም፤ ጥፋት እንደሌለበት የማውቀውን ሰው በክስ ውስጥ አላስገባም፤ ሐሰተኛ ምስክር አላሰናዳም፤ ደንበኛዬ ዕርቅ ቢቀርብለት ከመስማት አልከለክለውም። ይህን ያፈረሰ ጠበቃ በማስረጃ ተከሶ፣ የመከላከል ዕድል ተሰጥቶት፣ ይግባኝ ተፈቅዶለት፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ፈቃዱን ይጣ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ደንበኛው ለበቀል መነሣቱን ለጠበቃው በምስጢር ቢነግረውስ? የደንበኛ ምስጢር የጥብቅና ምሰሶ ነው፤ የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። ደንበኛው ስላለፈ ድርጊቱ የነገረውን ጠበቃው ይዞት መቃብር ይውረድ። ገና ስላልተፈጸመ ግድያ የሰማውን ግን ሕይወት ለማዳን በሚያስፈልገው መጠን ለሽማግሌ ወይም ለፖሊስ እንዲናገር ሕጉ በግልጽ ሊፈቅድለትና ሊጠብቀው ይገባል። ጠበቃው ይህን ምስጢሩን በሰማባት ሌሊት ብቻውን እንዲወስን መተው ለእርሱም ለሚገደለውም ሰው ጭካኔ ነው።

ወቅቱ አይደለም የሚል ይኖራል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ዋግ ኽምራ ብዙ አይታለች፤ ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ሕዝብ ተፈናቅሏል፣ መሣሪያ በየቤቱ ገብቷል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የሁለት ኃይሎችን ጦርነት ለማቆም የታሰበ ነበር፤ በየመንደሩ በዚያ ጦርነት መሐል የተቋጠረውን የደም ቂም አልፈታም። ክልሉ ውስጥ ከዚያ በኋላ የመጣው ግጭትም ሌላ ጨመረበት። የግጥሚያ መሐላዎቹ በአሜሪካ የተጻፉትም ሰው ሁሉ መሣሪያ ታጥቆ በሚሄድበት ዘመን ነው። ሰላም እስኪሆን ይቆይ ከተባለ መሐላው የሚያስፈልግበት ዘመን ያልፋል።

ለመጀመር የክልሉን ምክር ቤት መጠበቅም ግድ አይደለም። በሰቆጣና በአምደወርቅ የሚሠሩ ጠበቆች ተሰብስበው ቃሉን በፈቃዳቸው ሊምሉት ይችላሉ። በአማርኛና በኽምጣኛ ይጻፍ፤ የደም ዕርቅ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችና ካህናት ባሉበት፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ይነበብ። የራሱ ቤት ደም ያለበት፣ ይህንንም አገር የሚያውቅለት አንጋፋ ጠበቃ ካለ ቀድሞ ይማል፤ ወጣቶቹ ከእርሱ በኋላ ይከተሉ። የፈረሙት ሰዎች ስም በሬጅስትራሩ ደጅ ይለጠፍ፤ ጠበቃ ሊይዝ የመጣ ገበሬም ጉዳዩን ከማስያዙ በፊት ማን እንደማለ ማን እንዳልማለ አንብቦ፣ ማንበብ ካልቻለም አስነብቦ ይምረጥ።